የይቅርታ ሻጩና እኔ

«የታክሲ ነጂንና የጥንት የእንግሊዝ ተራኪን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን መሪ ከመጨበጤ በፊት ለስምንት ዓመታት ጠመኔ ጨብጬ ኖሬአለሁ። እዚህ ለንደን ውስጥ ከኋላዬ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ጠመኔውና መሪው አንድ ሰሞን እንዴት እንደተጋጩብኝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሳውዝዋርክ በሚባለው ሰፈር፣ ከለንደን ብሪጅ ባቡር ጣቢያ ትንሽ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ቦሮ ሃይ ስትሪት ላይ ነው። አንድ ማታ ደንበኛ ስጠብቅ እግሬን ላፍታታ ብዬ ከመኪናው ወረድሁና ታልቦት ያርድ ወደምትባል ጠባብ ቅያስ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ክብ ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳነበው ታባርድ የሚባለው የእንግዳ ማረፊያ በዚህ ቦታ እንደነበረ ይናገራል። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ታባርድን አውቀዋለሁ! ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አስተማሪያችን ካባዙልን፣ ቀለሙ ከደበዘዘ ወረቀት ላይ ስሙን ሸምድጄ ለፈተና ጽፌዋለሁ። በኋላም ጎጃም ውስጥ ለተማሪዎቼ ነግሬአቸዋለሁ። ነገር ግን መኪና የሚቆምበት፣ የቆሻሻ በርሜል የተደረደረበት እውነተኛ ቦታ ነው ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። የድሮው ቤት እ.ኤ.አ. በ1676 ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ፤ ያም በ1870ዎቹ ፈረሰ። አሁን የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ስሙን ያቆየለት ጄፍሪ ቾሰር ነው። ቾሰር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1340ዎቹ ሲሆን አባቱ የለንደን የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። ገና ልጅ ሳለ፣ በ1348፣ ታላቁ ወረርሽኝ እንግሊዝ ገብቶ ሕዝቡን አጨደው። ጎልማሳ ሳይሆን ፈረንሳይ ዘምቶ ተማረከ፤ በ1360 ለማስለቀቂያው ከተከፈለው ገንዘብ 16 ፓውንዱን የሰጡት ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ነበሩ። ከ1374 ጀምሮ ደግሞ በለንደን ወደብ የሱፍና የቆዳ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆነ። መኖሪያው ኦልድጌት በሚባለው የከተማዋ በር አናት ላይ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ቀን ከነጋዴና ከመርከበኛ ጋር ሲከራከር ይውላል፣ ማታ ከመስኮቱ ሥር ወደ ከተማዋ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ያያል። ሰውን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ መቀመጫ ካለ የታክሲ የፊት ወንበር ብቻ ነው።

የቤተ መንግሥቱ ሰው ፈረንሳይኛ፣ ካህኑና ሊቁ ላቲን በሚያበዙበት በዚያ ዘመን ቾሰር ሕዝቡ በሚነጋገርበት እንግሊዝኛ ጻፈ። በ1380ዎቹ መጨረሻ ግድም የጀመረው ትልቁ ሥራው «የካንተርበሪ ተረቶች» ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ ወር ሃያ ዘጠኝ ያህል ተሳላሚዎች ታባርድ ያድራሉ። የሚሄዱት ካንተርበሪ ወደሚገኘው የቶማስ ቤኬት መቃብር ነው። ቤኬት በ1170 በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ በአራት የንጉሥ ጦረኞች የተገደለ ሊቀ ጳጳስ ነው። ጦረኛ፣ መነኩሴ፣ እመምኔት፣ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ወፍጮኛ፣ አምስት ባል ያገባች የባዝ ከተማ ሴት፣ ምግብ አብሳይ፣ ገበሬ፣ ሁሉም በአንድ ቤት ተገኙ። የማረፊያው ባለቤት ታዲያ አንድ ሐሳብ ያቀርብላቸዋል። «መንገዱ እንዳይሰለቻችሁ እያንዳንዳችሁ ሲሄዱ ሁለት፣ ሲመለሱ ሁለት ተረት አውሩ፤ ከሁሉ የበለጠ ያወራውን ሌሎቻችሁ እራት ትጋብዙታላችሁ» ይላል። እራቱ የሚበላው ግን በእርሱ በራሱ ቤት ነው! ነጋዴ ሁልጊዜም ነጋዴ ነው። በዚህ ስሌት ከመቶ በላይ ተረቶች መሆን ነበረባቸው። ቾሰር በ1400 ሲሞት ግን የተገኙት 24 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ያላለቁ አሉ።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ያወራሁት ከ1996 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ቾሰር በመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ አልነበረም። እኔ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዋስው ልጆቹን ሲያስተኛብኝ፣ መጽሐፉን አስከድኜ ተረት አወራላቸው ነበር። ያስቸገረኝ ምጸት የሚባለውን ነገር ማስረዳት ነው። የኛ ልጅ ሰምና ወርቅ ያውቃልና በዚያ በኩል ልግባ ብዬ ሞከርሁ። ቾሰር ግን በዚያ በር ብቻ አይገባም። በሰምና ወርቅ ቃሉ ሁለት ነው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን መፈልፈል ነው። ቾሰር ዘንድ ብዙውን ጊዜ ቃሉ አንድ ሆኖ ሰውየው ሁለት ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ተሳላሚዎቹን የሚያስተዋውቀን ተራኪ ሁሉንም የሚወድ፣ ሁሉንም የሚያደንቅ የዋህ ነው። መነኩሴው ገዳም መቀመጥ አይወድም፤ ፈረስና አዳኝ ውሾች አሉት፤ ሰውነቱ በምቾት ወዝቷል። «መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ መዋል ምን ይጠቅማል» የሚል አሳብ አለው። ተራኪያችን አይነቅፈውም፤ እንዲያውም ልክ ነህ ብሎ ይስማማለታል! እመምኔቷ ርኅሩኅ ናት፤ ወጥመድ ውስጥ የገባች አይጥ ስታይ ታለቅሳለች፤ ለትናንሽ ውሾቿም ጥብስ ሥጋ፣ ወተትና ነጭ ዳቦ ትመግባለች። ለድኻ ሰው አለቀሰች ወይ? ተራኪው አይነግረንም። ያ ያልተባለው ነገር ነው ምጸቱ። ሐኪሙም ወርቅ ለልብ መድኃኒት እንደሆነ ከመጽሐፍ ስላወቀ ወርቅን ለብቻው ይወዳል።

ቾሰር በሁሉም ላይ አያሾፍም። አንድ ድኻ የገጠር ቄስ አለ፤ ያለ አንዳች ፌዝ ያመሰግነዋል፤ ምክንያቱም ይህ ቄስ መጀመሪያ ራሱ አድርጎ ከዚያ በኋላ ነው የሚያስተምረው። ራሱንም ቢሆን አይምርም። ቾሰር ከተሳላሚዎቹ እንደ አንዱ ሆኖ ተራው ደርሶ ተረት ሲጀምር፣ ግጥሙ ከመክፋቱ የተነሳ የማረፊያው ባለቤት «በቃህ!» ብሎ ያስቆመዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ተረት ሁሉ የጻፈው ሰው፣ በገዛ መጽሐፉ ውስጥ ተረት ማውራት አይችልም ተብሎ አፉን ይዘጋል። በሰው ድካም የሚስቅ ሰው ከራሱ ሲጀምር ሳቁ አያቆስልም።

ተማሪዎቼ ከሁሉም የወደዱት ግን የይቅርታ ሻጩን ነው። በዚያ ዘመን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ለኃጢአት የሚገባውን ቅጣት የምታቀልበት ወረቀት ነበራት። ያን ወረቀት ይዘው እየዞሩ ለሆስፒታልና ለመሰለው ሥራ ምጽዋት የሚሰበስቡ ሰዎች ነበሩ። የቾሰሩ ይቅርታ ሻጭ ዛሬ ቻሪንግ ክሮስ በምንለው ሰፈር ከነበረው የሮንስቫል ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነው፤ እኔ በየቀኑ የማልፍበት ቦታ ማለት ነው። ተረት አውራ ሲባል «መጀመሪያ ልጠጣ» ብሎ ከአንድ ጠላ ቤት ያስቆማቸዋል። ከዚያ በኋላማ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው ነው። ማንም ሳይጠይቀው የሙያውን ምስጢር ይዘረግፋል። የትራስ ጨርቁን የእመቤታችን መጎናጸፊያ ነው ብሎ ያሳያል። በጠርሙስ ያስቀመጠው የአሳማ አጥንት ለገጠሬው የቅዱሳን አጥንት ነው። በዚህ ዓይነት በዓመት 100 ማርክ ያገባል፤ ይህም ከ66 ፓውንድ በላይ ነው። ቾሰር በቀረጥ መሥሪያ ቤት ሲሠራ መሠረታዊ ደመወዙ በዓመት 10 ፓውንድ ነበርና ልዩነቱን እናንተው አስሉት። የስብከቱ ርእስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ምንጭ ስለመሆኑ ይሰብካል። የሚሰብከውም ሰዎች ገንዘብ መውደድን ትተው ገንዘቡን ለእርሱ እንዲሰጡት ነው። ይህንንም ራሱ በግልጽ ይናገራል። «እኔ ክፉ ሰው ብሆንም ምግባር የሚያስተምር ተረት ማውራት እችላለሁ» ዓይነት ነገር ብሎ ይጀምራል።

ተረቱስ? በፍላንደርስ አገር ሦስት ጠጪዎች በማለዳ መጠጥ ቤት ተቀምጠው የቀብር ደወል ይሰማሉ። ማን ሞተ ቢሉ የገዛ ጓደኛቸው ነው፤ ሞት የሚባል ሌባ ሌሊት መጥቶ ገደለው ይሏቸዋል። ሦስቱም ስካር ላይ ናቸውና ሞትን ፈልገን እንገድለዋለን ብለው ይማማላሉ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ያገኛሉ። ይህ ሽማግሌ መሞት ፈልጎ ሞት አልወስድህ ያለው፣ በበትሩ መሬቷን እየመታ እናቴ ሆይ አስገቢኝ እያለ የሚለምን ነው። ሞት የት ነው ሲሉት እዚያ ዛፍ ሥር ትቼው መጣሁ ይላቸዋል። ሮጠው ሲደርሱ የወርቅ ፍሎሪን ክምር ያገኛሉ። ሞትን ረሱት። ወርቁን በሌሊት ለመውሰድ እስኪመሽ መቆየት አለባቸውና ዕጣ ተጣጥለው ትንሹን ለእንጀራና ለወይን ወደ ከተማ ላኩት። እርሱ ሲሄድ ሁለቱ ሲመለስ እንግደለውና ለሁለት እንካፈል ብለው ተማከሩ። እርሱም በበኩሉ አይጥ አስቸገረኝ ብሎ መርዝ ገዛና ከሦስቱ ጠርሙሶች በሁለቱ ጨመረ። ሲመለስ ገደሉት። ቀብር ይቆየን፣ መጀመሪያ እንጠጣ አሉና ጠጡ። ሽማግሌው አልዋሸም፤ ሞት ዛፉ ሥር ነበር።

ይህን ያወራሁ ዕለት ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰውየው ውሸታም ከሆነ ታሪኩን ለምን እናምነዋለን?» አለችኝ። ለፈተና የሚሆን መልስ ሰጠኋት። «ተራኪውና ትረካው የተለያዩ ናቸው፤ ምጸት ማለት ይኸው ነው» አልኋትና ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት። ልጆቹም ገለበጡ። ልጅቷ ግን አልገለበጠችም፤ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። መልሴ እንዳላረካት አውቄአለሁ፤ ደወሉ ስለ ተደወለ ግን ተገላገልሁ።

እንግዲህ ጎጃምን እዚህ ላይ ልተውና ወደ ለንደን ልመለስ።

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ዝናብ የሚጥልበት የዓርብ ማታ፣ ከቪክቶሪያ የአውቶቡስ ጣቢያ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ ጫንሁ። የሚሄዱት ሳውዝዋርክ ውስጥ ወዳለ ሆቴል ነው። ዋጋው 18 ፓውንድ እንደሆነ በስልክ ተነግሯቸዋል። ሽማግሌው በክራንች ነው የሚሄዱት፤ ሚስትየዋ የሆቴሉን አድራሻ የጻፉባትን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ለንደንን እንደማያውቋት ያስታውቃል። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት አንድ ቅጣት ደርሶብኝ ነበር። የመኪና ኪራዩ አለ፣ አገር ቤት የምልከው አለ። ይህን የምዘረዝረው ይቅር እንድትሉኝ ነው? ሳይሆን አይቀርም።

«የላምቤዝ ድልድይ ተዘግቷል፤ መዞር አለብን፤ 20 ፓውንድ ይጨመራል» አልኋቸው።

ድልድዩ አልተዘጋም ነበር። ዋሸሁ። ውሸቴ እውነት እንዲመስል በቮክሶል በኩል አዞርኋቸው። ስንደርስ ሽማግሌው በመንገዱ መብራት ሥር ሳንቲም ሳይቀር ቆጥረው 38 ፓውንድ ሰጡኝ። ከዚያም ኪሳቸውን ደባብሰው 2 ፓውንድ ጉርሻ ጨመሩ። «በዚህ ዝናብ በደኅና ስላደረስኸን እናመሰግናለን፤ እንዳንተ ያለ ጨዋ ሰው ስላገኘን ዕድለኞች ነን» አሉኝ። ሻንጣቸውን እስከ በሩ ተሸክሜ አደረስሁላቸው። ዞር ስል ታልቦት ያርድ የምትባለው ቅያስ ከዚያ ሆቴል የሁለት ደቂቃ መንገድ ናት።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ በሚማሩበት ቤት በነጻ አስተምራለሁ። ለዚያ ቀን እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ምን ይመስላችኋል? ታማኝነት! ከሁለት ሳምንት በፊት የተያዘ ቀጠሮ ነውና መቅረት አልቻልሁም። ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለመቅረትም አላሰብሁ። ቆሜ ተናገርሁ። ወላጆችም ተቀምጠው ነበር። የሰው ገንዘብ እንዴት እንደማይበረክት፣ ስም ከመቃብር በላይ እንደሚውል፣ በሰው አገር ስንኖር አንዳችን ስንሰርቅ ሁላችንም ሌባ እንደምንባል በሚገባ አስረዳሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም። ሲያልቅ ተጨበጨበልኝ።

ከዐሥር ቀን በኋላ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «መምህር፣ እግዜር ይስጥልን» አሉኝ። የዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጃቸው አውቶቡስ ውስጥ ውድ ስልክ ወድቆ አግኝቶ፣ ወደ ኪሱ ሊያስገባው ካለ በኋላ ለሾፌሩ አስረክቦ መጣ። «ለምን መለስኸው ብለው፣ ጋሼ ያሉት ትዝ አለኝ አለኝ» ብለው ድምፃቸው ተሰበረ። «እርስዎ ባይኖሩልን ልጆቻችን ምን ይሆኑ ነበር?»

ምን ልበል? «ምንም አይደለም እኅቴ፣ ልጁ ራሱ ጨዋ ነው» አልሁና ስልኩን ዘጋሁ። መኪናውን ጥግ አስይዤ ቆምሁ። ከሃያ ዓመት በፊት የተጠየቅሁት ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ሰውየው ውሸታም ከሆነ ታሪኩን ለምን እናምነዋለን? ያቺ ልጅ አሁን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምታየኝ መሰለኝ።

ያን ሌሊት ቤት ገብቼ ቾሰርን አወጣሁ። ተረቱን ሳይሆን ከተረቱ በኋላ የሚመጣውን ነው ያነበብሁት፤ በክፍል ሳስተምር ጊዜ አጠረኝ እያልሁ የዘለልሁትን። ይቅርታ ሻጩ ተረቱን ጨርሶ፣ ሰው ሁሉ ልቡ በተነካበት ሰዓት፣ ያ ሁሉ ማጭበርበር መሆኑን ቀደም ሲል በገዛ አፉ እንደነገራቸው የረሳ ይመስል፣ ኑና አጥንቱን ተሳለሙ፣ ገንዘብም ክፈሉ ይላል። እንዲያውም ከሁሉ በላይ ኃጢአተኛ እርሱ ነውና የማረፊያው ባለቤት ይጀምር ይላል። ባለቤቱም እዚህ ልጽፈው በማልችለው ስድብ አዋረደው። ያ ሁሉን ሲናገር የነበረ አፈኛ በንዴት ቃል አጣ። ሰው ሳቀ። በዚህ ጊዜ ጦረኛው መሐል ገባና ሁለቱን አስታረቀ፤ ተሳሳሙና ጉዞው ቀጠለ።

እነዚህን ጥቂት መስመሮች በተማሪነቴም በአስተማሪነቴም ሳላስተውላቸው አልፌአቸዋለሁ። አሁን ግን ሁለት ነገር አየሁባቸው።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ይቅርታ ሻጩ ድካሙን ያውቃል። አፍረጥርጦ ይናገራል፤ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ እርሱ ራሱን የገለጠ ብዙ የለም። መናገሩ ግን ምንም አልለወጠውም። ነገሩን ማወቅና ነገሩን መተው የተለያዩ ናቸው። እኛ የተማርን የምንባል ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድካማችንን በሚያምር ቋንቋ ከገለጽን የተውነው ይመስለናል።

እኔም ወዲያው በዚሁ ጉድጓድ ወደቅሁ። በማግሥቱ ያን ገንዘብ ልመልስ ብዬ አሰብሁ፤ ሽማግሌዎቹን ግን ከየት አገኛቸዋለሁ? ስማቸውን አላውቅም፤ ከሆቴሉም ከሄዱ ሰንብተዋል። ስለዚህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ 22 ፓውንድ፣ ጉርሻውን ጨምሬ ማለት ነው፣ ለምጽዋት ሳጥኑ ለይቼ ያዝሁ። እጄ ሳጥኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምን እያደረግሁ ነው? ሰው አታልዬ፣ ለሌላ ቦታ ገንዘብ ከፍዬ፣ ልቤን ነጻ ላደርግ! ይህ እኮ ያ ወረቀት ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ደንበኛ ሆኜ መጣሁለት፤ ሻጩም ገዥውም እኔው ነኝ። ገንዘቡን አስገባሁት፤ ድኻ ምን በደለ? ነጻ ወጣሁ ብዬ ግን ከዚያ አልሄድሁም።

ሁለተኛው ነገር የመጨረሻው መሳሳም ነው። ቾሰር ይህን ሰው ከማኅበሩ ሊያስባርረው ይችል ነበር። ከፈረሱ ጥሎት ሌሎቹ ጥለውት ቢሄዱ ማንም አንባቢ አያዝንም። እርሱ ግን አላደረገውም። ውሸቱን አልሸሸገለትም፣ ስድቡንም አላስቀረለትም፤ ግን ከመንገዱ አላስወጣውም። ካንተርበሪ ገና ነው። አዋቂዎች ስለዚህ መሳሳም ብዙ ይከራከራሉ፤ እውነተኛ እርቅ ነው የሚል አለ፣ ለይስሙላ ነው የሚልም አለ። እኔ ታክሲ ነጂው የማየው ይህን ነው፤ በአንድ መንገድ አብረው የሚሄዱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ገመና አውቀውም መጓዝ አለባቸው።

በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ተራዬ ሲደርስ ለልጆቹ የሦስቱን ጠጪዎች ተረት አወራሁላቸው። በአማርኛ ጀምሬ ሲቸግራቸው በእንግሊዝኛ እየደገፍሁ ነው። መርዙ ጋ ስደርስ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያም ተረቱን ያወራው ሰው ማን እንደሆነ፣ የአሳማ አጥንቱን ሁሉ ነገርኋቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ያ ስልኩን የመለሰው ልጅ «ጋሼ፣ እርስዎስ ዋሽተው ያውቃሉ?» አለኝ።

ወላጆች ከኋላ ነበሩ። እናቱም ነበሩ። ልብ አድርጉ፤ ይህን ጥያቄ ቀድሜ አላዘጋጀሁትም። መልሱን በምጸት ማዞር እችል ነበር፤ ያንን ሙያ ተምሬዋለሁ። «አዎ» አልሁት። «በአንድ ማታ ሁለት ሽማግሌዎች አታለልሁ። በማግሥቱ እዚህ ቆሜ ስለ ታማኝነት ነገርኋችሁ።» ስለ ድልድዩና ስለ 20 ፓውንዱም ነገርኋቸው።

ቤቱ ጭር አለ። አንድ ሰው ከኋላ ሳል አለ። እናትየዋን ለማየት አልደፈርሁም። ልጁ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው። ቅንድቡን ሰብስቦ ቆየና «ታዲያ ስልኩን መመለሴ ልክ አልነበረም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ልክ ነበር» አልሁት። «እኔ ስለ ነገርሁህ አይደለም ልክ የሆነው። ስልኩ የሰው ስለሆነ ነው።»

ይኸው ነው መልሱ። ሃያ ዓመት ዘግይቶ የመጣ መልስ። እውነት የሚናገራት ሰው ንብረት አይደለችም። ውሸታም አፍ ውስጥ ገብታ ስትወጣም እውነት ናት። ሽማግሌው ዛፉ ሥር አለ ያለው ሞት፣ ይቅርታ ሻጩ ቢያወራውም ባያወራውም ዛፉ ሥር ነበር። ለዚያች የጎጃም ተማሪዬ ሰሌዳው ላይ መጻፍ የነበረብኝ ይህን ነው። የት እንዳለች አላውቅም፤ አሁን የልጆች እናት ትሆናለች። ይህ ጽሑፍ እጇ ከገባ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም እላታለሁ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ አባት ልጃቸውን ሌላ መምህር እንዲይዝላቸው ጠየቁ። አልተቀየምኋቸውም፤ መብታቸው ነው። የልጁ እናት ለሁለት ሳምንት ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ብሎብኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዳቦ ጋግረው አመጡና «መምህር፣ ይቅመሱ እንጂ» አሉኝ። ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔም አላነሳሁ። ቀመስሁ።

አሁንም ለንደንን እዞራለሁ። ተሳላሚዎቹ በካንተርበሪ መንገድ የመጀመሪያዋን ዕጣ ያወጡበት ወንዝ ኦልድ ኬንት ሮድ በምንለው ጎዳና ላይ ነበር፤ ዛሬ ወንዙ አይታይም፤ የትራፊክ መብራትና የአውቶቡስ ማቆሚያ ብቻ ነው። በዚያ ሳልፍ ፍጥነቴን ቀነስ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላም አንድ ጥርጣሬ አልለቀቀኝም። ይቅርታ ሻጩም ምስጢሩን ሁሉ ዘርግፎ ሲያበቃ እጁን ለገንዘብ ዘረጋ። እኔስ ይህን የምጽፈው ለምንድን ነው? እናንተ አንባቢዎቼ «እንዴት ያለ ግልጽ ሰው ነው» እንድትሉኝ ይሆን? ብቻ እንዲያ የምትሉ ከሆነ እባካችሁ አትቸኩሉ። በሚቀጥለው ዝናብ፣ አድራሻ በወረቀት የያዙ ሽማግሌዎች ስጭን፣ ድልድዩ ክፍት ነው ብዬ በቀጥታ ከሄድሁ ያን ጊዜ ይታያል።

መንገዱ ገና ነው። ቸር ይግጠመን።